ጎመን ተብሎ የተመዘገበው ጅብራ

ይህ ነገር አንዲት የጭነት በቅሎ፣ የጓሮዬን የሽንኩርት መደብ፣ የአማቴን ሰላምታና አንድ ሙሉ መኸር አስከፍሎኛል። በቅሎዋን ያስቀደምኩት ከሁሉ ይልቅ እሷ ስለምትቆጨኝ ነው። አማቴ ይህን ቢሰሙ ይቀየሙኛል፤ በቀድሞው ቅያሜ ላይ የሚጨመርበት ቦታ ስለሌለ ግን አልሰጋም።

ደባርቅ ውስጥ ነጋዴ የሚጠረጠረው በሚዛኑ ነው። እኔ የተጠረጠርኩት በአበባ ነው። ሱቄ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ወደ ዛሪማ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ቆመው ውሃ የሚሞሉበት ቦታ ላይ ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ አቡጀዲ፣ ሳሙና፤ ሲገኝ ደግሞ ስኳር እሸጣለሁ። ከሱቁ ጀርባ ቤቴ፣ ከቤቴ ጀርባ ጓሮዬ። ሰው ጓሮውን ለጌሾና ለጎመን ያደርጋል። የእኔም ጓሮ ጌሾና ጎመን አላጣም፤ በመሀላቸው ግን ቀጋ አለ፣ ጦስኝ አለ፣ ጥግ ላይ አምጃ አለ። በጎንደር መንገድ ኮሶዬ አፋፍ ላይ መኪና ተበላሽቶብን በቆምንበት ጊዜ፣ ሌላው ሰው ሾፌሩን ሲሳደብ፣ እኔ ሥሩን በሻሽ ጠቅልዬ ያመጣሁት ቢጫ አበባም አለ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። የሚጠይቀኝ ሲመጣ «ኮሶዬ» እለዋለሁ።

«ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል ደንበኞቼ።

«ያብባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይረግፋል።»

በሳሙና ላይ ማትረፍ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲናገር ይገርማቸው ነበር። ባለቤቴ ግን ከመገረም አልፋለች። ለጎረቤቶቿ «የሰው ባል ውሽማ ያስቀምጣል፤ የእኔው ቁጥቋጦ አስቀመጠ» ትላለች። «ውሽማ ብትሆን እኮ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ውሃ ቅጂላት አልባልም።»

ከደባርቅ በላይ ያለውን የዋልያ ፓርክ መጀመሪያ ያወቅሁት በንግድ ነው። በሳንካበር በኩል አልፌ ግጭ ድረስ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ አወጣለሁ፤ በጨው ፈንታ ገብስ፣ በአቡጀዲው ፈንታ በግ ይዤ እወርዳለሁ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ብርዱን ፈርተው ቶሎ ይመለሳሉ። እኔ ግን ሥራዬ ካለቀ በኋላ እዘገያለሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። ጭጋጉ ከቆላው እየተነሣ ይመጣና ዓለሙን ይሸፍነዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይገለጣል፤ ሲገለጥ ከፊት ለፊቴ ያለው ሜዳ ሁሉ ጅብራ ነው፤ በጓሳው ሣር መሀል ተራርቀው እንደ ማኅሌት ቋሚ ቀጥ ብለው የቆሙ ጅብራዎች።

ጅብራን ለማያውቅ ማስረዳት ይቸግራል። ከሩቅ ሲያዩት ወፍራም ግንድ ላይ የተቀመጠ ትልቅ የጎመን ራስ ይመስላል። ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ይጨብጥና ልቡን ከውርጭ ይሸፍናል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይከፈታል። ዓመት ከዓመት ሲጨብጥና ሲከፍት ይኖራል፤ አንድ ክረምት ላይ ከመሀሉ ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ ያወጣል። ያችን አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ሰው ሥራ ፈትቶ የቆመን ሰው «እንደ ጅብራ ተገትሮ» ብሎ ይሳደባል። ለስድብ የሚቸኩል ሰው ጅብራ ቆሞ የሚሠራውን ለማየት ጊዜ የለውም።

የእኔን ጅብራ ያገኘሁት ግጭ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ የገብስ ማሳ ነው። ሽማግሌው ደንበኛዬ ናቸው። ጨው ላደርስላቸው ስሄድ ማሳቸው ዳር ጉልበቴ የሚደርስ ጅብራ ሥር በዶማ ይቆፍራሉ።

«አባቴ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ልነቅለው ነዋ! ማረሻዬን ሊሰብርብኝ።»

«እንግዲያ ለእኔ ይስጡኝ።»

«ለማገዶ? ልጄ፣ ይኼ እንኳን ሊነድ የነደደውን ያጠፋል።»

«ለማገዶ አይደለም፤ ጓሮዬ ልተክለው ነው።»

ሽማግሌው ዶማቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ይህን ታውቃለች?»

«ገና ነች።»

«በል እግዜር ይርዳህ» አሉና ከነአፈሩ አወጡልኝ። በስልቻ አድርጌ በቅሎዋ ላይ ጫንኩት። ሳንካበር ላይ የፓርኩ ዘበኛ ጭነቴን አስወርዶ አየ። ከእርሻ ማሳ እንደወጣ ነገርኩት። አፈሩን በጣቱ ፈተሸ፤ የገብስ ሥር አገኘበት። «ከማሳ ከሆነ ሂድ» አለኝ። «ከጓሳው መሀል ነቅለህ ባገኝህ ግን እመነኝ፣ አንተንም እተክልሃለሁ።»

ደባርቅ ብርድ ባይጠፋባትም ጅብራ የለመደው ብርድ ሌላ ነው። ከጓሮዬ ነፋስና ውርጭ የሚበረታበትን ቦታ ስፈልግ የተገኘው የሽንኩርት መደቡ ነው። መደቡን ደግሞ ያስያዙት አማቴ ናቸው፤ በገዛ እጃቸው ከደረስጌ ያመጡትን ሽንኩርት ተክለው። ሽንኩርቱን ነቀልኩና ጅብራውን ተከልኩ። አማቴ ለበዓል ሲመጡ ጓሮ ገብተው ቆሙ። ብዙ ጊዜ ቆሙ።

«ይህ ያበበ ዕለት የሚሞት አይደለም እንዴ?» አሉ።

«አዎ እማማ። ግን ብዙ ዓመት ይኖራል።»

«አብቦ የሚሞት ነገር ልጄ ደጃፍ ተከልክ? ያውም በሽንኩርቴ ላይ?» ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ለቤቱ ሆነ፤ «እንደምን ዋላችሁ» ይላሉ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ይዘለኛል።

ጅብራው ግን ያዘ። ሌሊት ሲጨብጥ፣ ጠዋት ሲከፍት ባየሁ ጊዜ እንደያዘ አወቅሁ። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ሄጄ አየዋለሁ። ፓርኩ ውስጥ ያበበ ጅብራ አይቻለሁ፤ ስንቱን። የሰው ሰርግ ላይ መታደምና የገዛ ልጅን መዳር ግን አንድ አይደለም። እኔ የፈለግሁት ይህን መዳር ነው። ሌላ ነገር አልፈለግሁም። ይህን ማለት ዛሬ ቀላል ይመስላል። ዘመኑ ግን የደርግ ዘመን ነበር፤ ሰው ምንም አልፈልግም ካለ ምን ፈልጎ ነው ተብሎ ይመረመራል።

የጓሮ አትክልት ዘመቻ መጣ። እያንዳንዱ ግቢ ምን እንደሚያመርት ይመዝገብ ተባለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የሆነው ሰው አብሮ አደጌ ነው፤ ከአንድ የኔታ ሥር ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል፤ ሁለታችንም ዳዊት ሳንደግም ወጥተናል። ልዩነታችን ይህ ነው፤ እሱ መጻፍ ስለወደደ ሊቀመንበር ሆነ፤ እኔ መደመር ስለወደድኩ ነጋዴ ሆንኩ። ወረቀቱን ይዞ ጓሮዬ ገባና ጅብራው ፊት ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ታውቀዋለህ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ወረቀቱ ግን አያውቀውም። ወረቀቱ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ነው የሚያውቀው። ጅብራ የሚባል ረድፍ የለውም። ረድፍ የሌለው ይነቀል ተብሏል።»

«ጎመን በለዋ እንግዲያ።»

ለቀልድ ነው ያልኩት። እሱ ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ አየው። ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና አየው። የቀበሌያችን ጎመን በዚያ ዓመት በውርጭ ተመትቶ ነበር፤ ለአውራጃው የሚያቀርበው ነገር አጥቶ እንቅልፍ አልነበረውም። እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ «የተሻሻለ ጎመን፣ በጣም ትልቅ» ብሎ ጻፈ።

ደባርቅ ውስጥ ጅብራ የማያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ነገሩን በማግስቱ ከተማው ሁሉ አወቀው፤ ለማንም የነገረ ግን የለም። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ ክብሪቱን እየተቀበለ «ጎመንህ እንዴት አደረ?» ይለኛል። «ወጥ ደርሶ እንደሆነ ጥራን።» አንዱ ቄስ እንኳ ሳይቀሩ «በጾም ይበላል ወይስ የፍስክ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስቄ አለፍኩ። መሳቁ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

የሊቀመንበሩ ወረቀት ጎንደር ደረሰ። አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ እያለከለከ ሱቄ ገባ።

«ከጎንደር ካድሬ መጥቷል። ጎመንህን ሊያይ ነው!»

«‹ጎመኔን› በል።»

«የማን? የእኔ?»

«የጻፍከው አንተ ነህ።»

«ጻፍ ያልከኝ አንተ ነህ!»

ስንጨቃጨቅ ካድሬው ከመኪናው ወርዶ መጣ። ከሞቃት አገር የመጣ፣ ሁለት ካፖርት የደረበ ወጣት ነው። ጅብራ በሕልሙም አላየም። ጓሮ ገባ፤ የሰፈሩ ሰው አጥሩን ሞልቶ ቆመ። ካድሬው ቅጠሎቹን ዳሰሰ፤ በእጁ ስፋቱን ለካ፤ ዓይኑ በራ።

«ጓድ፣ ይህ ድንቅ ነው። አንዱ ስንት ሰው ይመግባል?»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ አጥሩ ዞርኩ። አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ ወደ ሰማይ ዞረ።

«ብዙ» አልኩ።

«እንግዲያ ዛሬውኑ ይቆረጥ። ለሚሊሺያው ማሠልጠኛ ወጥ ቤት ይላክ።»

የፈራሁት እዚህ ላይ ነው። ጅብራ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ መራራ ነው፤ ዓይን ቢነካ ያቃጥላል፤ በግ እንኳ አይቀምሰውም። ሚሊሺያው በልቶ ቢታመም ሊቀመንበሩን ማንም አይጠይቅም፤ ነጋዴው ሠራዊት መረዘ ነው የሚባለው። አሻጥር የሚባል ቃል በዚያን ጊዜ ለነጋዴ የተሰፋ ልብስ ነበር፤ የሚቀረው መልበስ ብቻ ነው። ጎመን አይደለም ብልም አሻጥር ነው፤ ውሸት አስመዝግበሃል እባላለሁ። ቢቆረጥ ጅብራውን አጣለሁ፤ ጅብራው ሄዶም እኔ አልተርፍም።

ንግድ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ዛሬ የሌለህን ዕቃ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ የለም አትበለው፣ ነገ ይበልጥ ጥሩ ይመጣል በለው።

«ጓድ፣» አልኩት፣ «ይህ እናቱ ነው። ገና ዘር አልሰጠም። ዛሬ ከበላነው አንድ ቀን በላን። አብቦ ዘሩን እስኪሰጥ ከታገሥነው ግን አውራጃው ሁሉ ይበላል።»

ካድሬው ቅጠሎቹን እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ ለሊቀመንበሩ «እንዲህ ያለ አርቆ የሚያስብ ሰው ነጋዴ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል» አለው። ወዲያውም አዘዘ። ተክሉ በአብዮት ጠባቂ ይጠበቅ። ከተገኘበት ቦታ ተጨማሪ ችግኝ ይምጣ። እኔም አርአያ አትክልተኛ ተብዬ ልመዝገብና ሌላውን ላስተምር። መኪናው ሲሄድ አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ሳቁን ለቀቀው። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ይጠርግ ነበር።

«አዳንኸን» አለኝ።

«ጅብራውን ነው ያዳንኩት። አንተ በአጋጣሚ አጠገቡ ነበርክ።»

ጠባቂው በማግስቱ መጡ። አሮጌ ምንሽር የያዙ፣ ጥይት ያልተሰጣቸው ሽማግሌ ናቸው። በርጩማ አምጥተው ጅብራው አጠገብ ተቀመጡ፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት። ጠዋት እንደ ልማዴ ላየው ስገባ ምንሽሩን ደቀኑ።

«ወደ ኋላ!»

«አባባ፣ የእኔ እኮ ነው።»

«ትእዛዙ ማንም ሰው አይጠጋው ይላል። አንተ ሰው አይደለህም?»

«ቢያንስ ውሃ ላጠጣው።»

«ውሃውን እኔ አጠጣዋለሁ። አንተ ምሳው እንዳይዘገይ ንገር።»

ባለቤቴ ሰውየውን ወደደቻቸው። ውሃ ይቀዳሉ፤ የተሰጣቸውን በልተው ይመርቃሉ። «አብዮቱ እንዲህ ከሆነ ምን ይጎዳል?» ትለኝ ነበር። እኔ በገዛ ጓሮዬ ከእሾህ አጥር ውጭ ቆሜ የራሴን ተክል እንደ ባዕድ አየው ጀመር። ቅጠል ሲበላሽ አያለሁ፤ ልነካው አልችልም። ውሃ ሲበዛበት አያለሁ፤ ብናገር «አርአያነትህ ከአጥር ውጭ ነው» ይሉኛል ሽማግሌው።

ችግኝ የማምጣቱ ትእዛዝ መጀመሪያ ደስ አሰኘኝ። በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም ነበር፤ በጨው ንግድ ስም የይለፍ ወረቀት መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቷል። አሁን ሊቀመንበሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት በደስታ ጻፈልኝ። በቅሎዋን ጭኜ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ሳንካበር ስደርስ ያው ዘበኛ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ እያነበበ ቆየ።

«‹የተሻሻለ የጎመን ችግኝ ከፓርኩ አካባቢ ለማምጣት› ይላል» አለኝ።

«አዎ።»

«ፓርክ ውስጥ ጎመን?»

«ታውቀዋለህ» አልኩት፤ ይህ ቃል አንድ ጊዜ ጠቅሞኝ ነበር።

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ስማኝ ጌታው። እኔ ዛሬ ጎመን በሚል ወረቀት ጅብራ ካስወጣሁ፣ ነገ አንዱ በግ የሚል ወረቀት ይዞ ዋልያ እየነዳ ይወርዳል። አይሆንም።»

«ማኅተሙንስ?»

«ማኅተሙን አከብራለሁ። ጅብራዬንም አከብራለሁ። ማየት ግን አልተከለከለም። ሂድና እይ፤ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ሄጄ አየሁ። የጂንባርን ወንዝ ተሻግሬ ግጭ አደርኩና በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ነው፤ ውርጩ ጓሳው ላይ ያበራል። ጅብራዎቹ ገና ጨብጠዋል። ፀሐይ ከምሥራቅ ስትነሣ ከዳር ያለው መጀመሪያ ተከፈተ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፤ ብርሃኑ በሄደበት ሁሉ እየተከተሉ ተከፈቱ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር መንቀል ጀመሩ። ከእነሱ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፓርኩን በሰላም ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ አገር የጦርነት አገር ሆነ፤ ወደዚያ የሚወጣው ጠመንጃ የያዘ ብቻ ሆነ። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ እነሣ ነበር። ግን በቅሎዋ ብርድ ነክቷት ስታስነጥስ ሰማሁና ቶሎ ተነሣሁ።

ስመለስ ደባርቅ ልገባ ስል ኬላ ላይ አዲስ ወታደር አገኘሁ። ወረቀቱን አነበበ፤ በቅሎዋን ዙሪያዋን እየዞረ አየ፤ ጥርሷን ገልጦ አየ።

«ጥሩ በቅሎ ነች። ‹ለመንግሥት ሥራ የተሰማራ› ይላል ወረቀቱ።»

«አዎ ጓድ። የተሰማራሁት እኔ ነኝ።»

«እሷስ ሥራ ፈት ናት? አንተ በእግርህ ተሰማራ፤ እሷ ከእኛ ጋር ትሰማራ።»

ብዙ ተከራከርኩ። የተከራከርኩት ሁሉ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ይጣላል፤ የግል በቅሎዬ ናት ብል በመንግሥት ሥራ ስም የግል ንግድ ታካሂዳለህ ሊሉኝ ነው። መጫኛዋን ብቻ መለሱልኝ። ባዶ መጫኛ ተሸክሜ ከተማ ስገባ ሰው ሁሉ የበቅሎዋን ነገር ይጠይቀኛል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መጫኛውን ከትከሻዬ አውርዳ ይዛው ገባች።

በሚቀጥለው ክረምት መጨረሻ ላይ የጅብራው ልብ ተለወጠ። በጠባቂው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ሳይ፣ እንደ ወትሮው ሲጨብጥ መሀሉ አልዘጋ አለ፤ አንድ አረንጓዴ፣ ጠጉራም ነገር ወደ ላይ ገፍቷል። ምሰሶው ነው። ሊያብብ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ «ውይ» አለች። ያን ሌሊት እንደ ድግስ አባት ሳልተኛ ስዞር አደርኩ።

በዚያው ሳምንት ሊቀመንበሩ ወረቀት ይዞ መጣ። አርአያ አትክልተኛው ዳባት ሄዶ የገበሬ ማኅበራትን የጓሮ አትክልት ያስተምር ይላል፤ መኸሩ እስኪያልቅ።

«አበባው እስኪወጣ አቆየኝ» አልኩት። ለምኜው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ለመንኩት።

«ምን ብዬ ልጻፍ? ‹የጎመን አበባ ሊያይ ፈልጎ ቀረ› ብዬ?»

«ታሟል በል።»

«ያኔ ሐኪም ይልካሉ። ባትሄድ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ። ከዚያ ይህ ሰው ማን ነው ብለው የተክሉን ነገር መመርመር ይጀምራሉ። ከዚያ ሁለታችንም...» አልጨረሰውም። አብሮ አደጌ ነው፤ ፊቱን አየሁት፤ ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ። ሄድኩ።

ዳባት ላይ ሴትም ወንድም ሰብስበው ከፊቴ አስቀመጡልኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎመን ሲተክሉ የኖሩ ናቸው። አንዲት ትልቅ ሴት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ጎመን እንዴት እንደሚተከል ልትነግረን ነው ከደባርቅ የመጣኸው?»

«ታዝዤ ነው እናቴ።»

«እኛም ታዘን ነው የምንሰማህ። በል ቶሎ ቶሎ በል፤ ከብት አለብን።»

ቶሎ ቶሎ አልኩ። በየቀኑ ሌላ መንደር፣ ሌላ ስብሰባ፣ ያው ጎመን። ማታ መንገድ ዳር ቆሜ ከደባርቅ የሚመጣ መኪና እጠብቃለሁ። አንዱ ሾፌር በመስኮት ወጥቶ «ጎመንህ ጣሪያህን አለፈ!» ብሎኝ ነዳ። ሌላው «ወፍ ሰፍሮበታል» አለኝ። ለጥቂት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ካድሬው ነው ተባለ፤ ካድሬው ጎንደር ነው ተባለ፤ ጎንደር ሲጠየቅ ተዛውሯል ተባለ። አንድ ጠዋት ጭራሽ ማንንም ሳልጠይቅ በእግሬ ተነሣሁ። መሀል መንገድ፣ ወቅን ከተማ ስደርስ ኬላው አስቆመኝ። ይለፍ ወረቀቴ የሚለው ዳባት ነው። ወደ ደባርቅ በኩል ተኩስ አለ፤ መንገዱ ተዘግቷል አሉኝ። «ለምን ትሄዳለህ?» ሲሉኝ አበባ ልል ነበር፤ አፌ ላይ መልሼ ዋጥኩት። «ቤተሰብ» አልኩ። «ሁሉም ቤተሰብ አለው» ብለው መለሱኝ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወደ ደባርቅ የሚሄደውን ባዶ መንገድ አየሁ። ተናድጄ ነበር፤ ቁጣዬ ግን የሚያርፍበት ሰው አጣ። ወታደሩ ታዟል፤ ሊቀመንበሩ ፈርቷል፤ ካድሬው ጎመን ነው ብሎ አምኗል። ጎመን ነው ያለውስ ማን ነው? ስለዚህ ወደ ዳባት ተመልሼ ስለ ጎመን ተናገርኩ።

የተለቀቅሁት ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። ደባርቅ ስገባ ሱቄን አልከፈትኩም፤ በቀጥታ ጓሮ ገባሁ። የእሾህ አጥሩ የለም፤ ጠባቂው ወደ ሌላ ሥራ ተመድበዋል። ጅብራው ቆሟል። ከጣሪያው በላይ ሄዷል፤ ቡናማ ነው፣ ደረቅ ነው። ስነካው ቅጠሉ እጄ ላይ ተሰባበረ።

«መቼ አበበ?» አልኳት ባለቤቴን።

«ብዙ ቆየ እኮ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እያበበ ሄደ።»

«ቀለሙስ?»

አሰበች። «ሰማያዊ መሰለኝ። ወይስ ነጭ? ጠዋት አንድ ዓይነት፣ ማታ ሌላ ነበር።»

ሊቀመንበሩን ጠየቅሁ፤ ሐምራዊ ነው አለኝ። ጠባቂውን ኬላ ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «ረጅም ነበር» አሉኝ። «ቀለሙን ነው አባባ።» «አዎ፣ ረጅም ነበር።» ከተማው ሁሉ አይቶታል። ከገበያ የሚመለሰው እየገባ አይቷል፤ ቄሱ አይተዋል። አማቴ ሳይቀሩ ከደረስጌ መጥተው አይተዋል።

«እሳቸውስ ምን አሉ?» አልኳት ባለቤቴን።

ሳቋን መያዝ አቃታት። «‹ያምራል፤ እሱ ግን አሁንም አያናግረኝ› አሉ።»

ሊቀመንበሩ ዘሩን ጠርጎ በፖስታ አድርጎ የተሻሻለ የጎመን ዘር ብሎ ወደ ጎንደር ልኮታል። የት ተዘራ፣ ማን ጠበቀው፣ አላውቅም፤ ማንም ተመልሶ አልጠየቀንም። ከምሰሶው ሥር ተንጠባጥቦ የቀረውን እንደ ትንባሆ ዱቄት የደቀቀ ዘር በእጄ ለቅሜ፣ ከጓሮዬ ብርድ በሚበረታበት ቦታ ዘራሁት፤ ውርጭ ሲመጣ በገለባ ሸፈንኩት፤ ፀሐይ ሲመጣ ገለጥኩት። በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን በጉልበቴ ተንበርክኬ አየሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለውም አየሁ። ደረቁን ግንድ ባለቤቴ ለማገዶ ሞከረችው፤ አልነድ አላት፤ አጥር አደረግነው።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ጅብራው አብቦ ደርቋል። ዘሩ አልበቀለም። አበባውን እኔ አላየሁትም።